ቁጥር የሌለው መጽሐፍ

የሰብለ ኮምፒውተር ቤት ደጃፍ እንደረገጥኩ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰብለ ሥራ ፈትታ፣ ወንበሯን ወደ በሩ ብርሃን ስባ ጥፍሯን ቀይ ትቀባለች። ሁለት ልጆቿን በዚያች ጠባብ ክፍል ገቢ የምታሳድግ ቆፍጣና ሴት ናት። «ውይ እትዬ ጥሩ! ይግቡ፣ ይቀመጡ፤ አሁን ይመጣል» አለችኝ፤ መብራቱን ማለቷ ነው። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት አግዳሚው ላይ ዘጭ አልኩ። ያ የጥፍር ቀለም ሽታ ስንት ዘመን ወደ ኋላ ወስዶ እንደጣለኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

የዛሬ ሰው ስቴንስል አያውቅም። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። በጽሕፈት መኪናው ፊደሉን ያለ ቀለም ስንመታበት ሰሙ ይበሳል፤ ከዚያ ማባዣው ላይ ይጠመጠምና ቀለሙ በብሱ እያለፈ የተፈለገውን ያህል ይባዛል። ስንሳሳት ከትንሽ ጠርሙስ ቀይ ፈሳሽ በብሩሽ እየነካን የተሳሳተውን ፊደል እንደፍነዋለን፤ እፍ እፍ ብለን እስኪደርቅ እንጠብቃለን። ያ ፈሳሽ ልክ እንደ ሰብለ ጥፍር ቀለም ነበር የሚሸተው። እንዲያውም አለቃችን ምሳ ሲወጡ የቢሮው ሴቶች ተሰብስበን ጥፍራችንን እንቀባበት ነበር። ከሰዓት በኋላ አለቃው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው «እናንተ ልጆች፣ ስሕተታችሁ በዛ» ይላሉ፤ እኛም እጃችንን ከጠረጴዛው ሥር ደብቀን አንገታችንን እንደፋለን።

ከእስቴ መጥቼ ንፋስ መውጫ ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር ከተማዋ እንዲህ በባጃጅ ክላክስ አልደነቆረችም። አውቶቡስ ሲመጣ ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ ማን እንደወረደና ምን እንደለበሰ እስከ ማታ ይወራል። ኮንጎ ጫማዬን ጥዬ ባለ ተረከዝ የገዛሁት በመጀመሪያው ደመወዜ ነው። ጉርድ ቀሚሴ አረንጓዴ ነበር፤ ጸጉሬን አፍሮ አበጥሬ በዋናው መንገድ ሳልፍ የካሴት ሻጩ ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርግልኛል። ክራሩ እስከ ቢሮው በር ድረስ ይሸኘኛል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ በነበረችው ሻይ ቤት ሻይ በአሥር ሳንቲም እየጠጣን፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም እየበላን ዓለም የኛ ናት እንል ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ የሞባይል መሸጫ አለ። ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ሻይ ቤቷን ይፈልጋታል፤ ባላገኛትም መፈለጉ አልሰለቸኝም። ሌላው ነገር ሁሉ ግን ይሰለቸኛል፤ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ኔትዎርኩ ሲመጣና ሲሄድ፣ መብራቱን ቁጭ ብሎ መጠበቁ ሁሉ ያደክመኛል።

ነጠላዬን ልሰበስብ ስል ጥለቱ ደግሞ ተተርትሮ አየሁት። አርብ ገበያ ወርጄ ከሸማኔው እጅ መርጬ የገዛሁት ነጠላ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ጥለት ያለው። በቀደም ከአንዱ ጫፍ ቀዩ ጎድሎ ሸማኔውን ቤቴ ውስጥ ጮክ ብዬ ረግሜው ነበር፤ አሁን ደግሞ አረንጓዴውና ቢጫው ተመዝዘው አልቀዋል። «የዛሬ ሸማኔ እንዲህ ነው» ብዬ አሁንም በሆዴ ረገምኩት። በመሐረቤ ጫፍ የቋጠርኳትን ፍላሽ ዳበስኳት፤ አለች። ፍላሿ ውስጥ ያለው የባለቤቴ የመሪጌታ አክሊሉ መጽሐፍ ነው። የመጣሁት የገጽ ቁጥር ላስገባበት ነው፤ የመጣሁትም ከእሳቸው ተደብቄ ነው። ዕድሜ ልካቸውን መጽሐፍ ቁጥር አያሻውም ያሉ ሰው ናቸው። አሁን ግን መሪጌታ መርሳት ጀምረዋል። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ከመሪጌታ ጋር ያስተዋወቀን ራሱ ይኸው የቁጥር ነገር ነው። በኛ ቢሮ የገጽ ቁጥር የሚመታው በመጨረሻ ነበር። አለቃው አንብበው ይህ ይግባ፣ ያ ይውጣ ካሉ በኋላ ወረቀቱን መልሰን መኪናው ውስጥ እናስገባና ከግርጌ፣ መሐሉ ላይ፣ ሰረዝ፣ ቁጥር፣ ሰረዝ እናደርጋለን። መንግሥት ተለውጦ የትኛው መሬት የማን እንደሆነ ሁሉም ግራ በተጋባበት ሰሞን አንድ ቀጭን ዲያቆን በቅርባችን ካለችው የአብነት ትምህርት ቤት ከቤተ ልሔም መጣ። ያኔ «አንተ» ነበር የምለው፤ «እርስዎ» ማለት የጀመርኩት መሪጌታ ከተባሉ ወዲህ ነው። ቁልፎቹ የረገፉ ኮት ለብሰዋል፤ እጃቸው ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ የለም። የኔታቸው የተማሪው ጎጆ ስላረፈበት መሬት አቤቱታ ልከዋቸዋል።

«የታለ ጽሑፉ?» አልኳቸው።

«በቃሌ ይዠው መጥቻለሁ። የኔታ ነግረውኛል፤ እኔ ልበልልሽ፣ አንች ምችው» አሉኝ።

እሳቸው ሲሉ እኔ ስመታ ከሰዓቱ አለቀ። የኔታ ረዥም ነገር ይወዱ ኖሮ አቤቱታው ከፍጥረት መጀመሪያ ተነሥቶ ነው ጎጆው ዘንድ የደረሰው። ያለቀውን ገጽ እያወጣሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ። ከተማችን ደግሞ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። በሩ ሲከፈት ንፋሱ በመስኮት ገብቶ ያንን ሁሉ ወረቀት ጠራርጎ ግቢው ውስጥ በተነው። ዘበኛው እየጮኹ፣ ዲያቆኑ ኮታቸውን እያርገበገቡ፣ እኔ በባለ ተረከዝ ጫማዬ እየተውተረተርኩ ከባሕር ዛፉ ሥር ለቃቀምነው። መቼም አለቀልን፣ እንደገና ልመታው ነው ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ዲያቆኑ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ አንዱን ከአንዱ ሥር ማስገባት ያዙ። ዜማ የሚቀጽሉ፣ ትምህርታቸውን በቃል የሚደግሙ ይመስሉ ነበር።

«አንተ ዲያቆን፣ ቁጥር የለው፤ የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደሆነ በምን ታውቀዋለህ?»

«ቁጥር ምን ያደርግልኛል እቴ? ቃሉ ራሱ ይመራኝ የለም?»

ሰጡኝ። አንድም ገጽ አልተዛነፈም። ሻይ ቤቷ ይዣቸው ገባሁና ስለ መጽሐፎቻቸው ጠየቅኳቸው። በቤተ ልሔም ያዩት የብራና መጽሐፍ ገጽ በገጽ እንደማይቆጠር ነገሩኝ። አብሮ የተሰፋው የብራና ቅጠል እጥፋት፣ ጥራዙ ብቻ፣ ራስጌው ላይ የግዕዝ ቁጥር አለው፤ ከዚያ ውጭ የሚፈለገው ቦታ ዳር ላይ በተሰፋ ባለ ቀለም ክር ይታወቃል፤ ቀዩ ለዚህ፣ አረንጓዴው ለዚያ እየተባለ።

«ክሩስ ለማን ነው ታዲያ፣ ቃሉ የሚመራችሁ ከሆነ?» ብዬ ተሟገትኩ።

«ለደከመው ነው» አሉ ፓስቲውን እየቆረሱ፤ «ለሸመገለ መምህር፣ ነገሩ ለሚጠፋበት።» ያኔ ሁለታችንም ሳቅን። ሽምግልና የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ረዥም ነው። ተጋባን፤ ስማዳ ወርደው ሲያስተምሩ ተከትያቸው ወረድኩ፤ ተመልሰን ንፋስ መውጫ ቤት ሠራን፤ ልጆች ወለድን። ልጆቹ አድገው እዚህም እዚያም ተበተኑ። መሪጌታ ማኅሌት መቆም ሲያቅታቸው ቤት ዋሉና መጻፍ ጀመሩ። ተማሪ ሳሉ ከጋይንት እስቴ፣ ከእስቴ ስማዳ በእግር የተንከራተቱበትን፣ በየደጃፉ የቀመሱትን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የኔታ በቃል ብቻ ያስተማሩትንና ማንም ያልጻፈውን ትርጓሜ ነው የሚጽፉት። ከፋሲካ በኋላ ቤተ ልሔም ወስደው፣ በመምህራኑና በተማሪዎቹ ፊት ቆመው በራሳቸው አንደበት ሊያነቡት ቃል ገብተዋል። ይህ ቀን እንዲደርስላቸው ብቻ ነው የሚኖሩት ብል አላጋንንም።

የሚመታው የኔ እጅ ነው፤ ልጄ ጥላልኝ በሄደችው አሮጌ ላፕቶፕ። ጣቶቼ የድሮውን መኪና ስላልረሱ ቁልፉን እደበድበዋለሁ። ልጄ በስልክ ድምፁን ሰምታ «እማዬ፣ ምስማር ነው እንዴ የምትመቺው?» ትለኛለች። ገና ከጅምሩ መሪጌታን ጠይቄያቸው ነበር።

«የገጽ ቁጥር ላድርግበት?»

«ለምን ሲባል? እኔ እያለሁ!» አሉኝ፤ ተቆጡም። «የገዛ ቃሌን በቁጥር ነው እንዴ የማገኘው?»

ተውኩት። የመጀመሪያውንም ረቂቅ ሰብለ ዘንድ ያለ ቁጥር አሳትሜ ሰጠኋቸው። ያኔ ደስ ብሏቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱት፤ የቆዳ ማኅደሩ ድሮ ዳዊታቸው የሚያድርበት ነው።

መርሳቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ጎርፍ የያዘውን ወንዝ የተሻገሩበትን ታሪክ ጽፈው ሰጡኝና መታሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ እንደ አዲስ ጽፈው አመጡልኝ፤ እኔም እንደ አዲስ ተቀበልኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ከመታጠፊያው ላይ ቆመው ወዲያና ወዲህ ሲያዩ ጎረቤት አግኝቶ አመጣልኝ። እርጅና ነው አልኩ፤ እኔስ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስፈልገው እውል የለም?

በጾሙ ውስጥ አንድ ቀን ግን ፀሐይ እየሞቁ ረቂቁን ሲያነቡ ያ የከተማችን ንፋስ መጣና ወረቀቱን ከጭናቸው ላይ አንሥቶ ግቢው ውስጥ በተነው። ሳቄ መጣ። ከጎመኑ መደብ ላይ፣ ከአጥሩ ሥር ለቃቅሜ ሰጠኋቸው። «በሉ እንግዲህ ዲያቆን፣ እንደዚያን ቀን ያድርጉት» አልኳቸውና የተልባ ውሃ ላመጣላቸው ወደ ቤት ገባሁ። ስመለስ ወረቀቱ እንደሰጠኋቸው ጭናቸው ላይ አለ። ሁለት የወረቀት ቅጠል በሁለት እጃቸው ይዘው አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያያሉ። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም።

«ጥሩዬ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ይኸ ከየትኛው በኋላ ነው?»

ኩባያውን አጠገባቸው አስቀመጥኩ። «ንፋሱ ነው እኮ፣ ሰው ያደናግራል። ይተዉት፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። ላፕቶፑን ከፍቼ መስመር በመስመር እያስተያየሁ አስተካከልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚመጣብኝ አንድ ነገር ነው። ቤተ ልሔም፣ ያ ሁሉ ተማሪ ቆሞ እየሰማ፣ መሪጌታ ሁለት ቅጠል ይዘው ዝም ሲሉ። ዕድሜ ልኬን የማውቃቸው ሰው በዚያ ሕዝብ ፊት እንዲያ ሲሆኑ ከማይ ብሞት ይሻለኛል።

በመጀመሪያ በራሴ ሞከርኩ። በድሮው ሙያዬ ተማምኜ እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ እስክደርስ ኢንተሩን እየመታሁ፣ መሐል እስክደርስ ስፔሱን እየመታሁ፣ ሰረዝ፣ ቁጥር፣ ሰረዝ አደረግሁ። ወገቤ እስኪቆረጥ ሠርቼ ጨረስኩና ኮራሁ። በማግስቱ መሪጌታ ከመግቢያው ላይ አንዲት አንቀጽ ጨምሪ አሉኝ። ጨመርኩ። ከዚያ ወደ ታች ብወርድ ቁጥሮቼ በሙሉ ከግርጌ ተነሥተው ተንሸራትተዋል፤ የኔታ ስለ ትዕግሥት ከሚናገሩት ዓረፍተ ነገር መካከል ሰረዝ፣ ሰባት፣ ሰረዝ ተቀምጦ አገኘሁት። ተናደድኩም፣ ሳቅኩም። አንድ በአንድ አጠፋኋቸውና ፍላሿን ቋጥሬ ሰብለ ዘንድ መጣሁ።

መብራቱ መጣ። ማተሚያው ቁርቁር አለ፤ ሰብለ እርጥብ ጥፍሯን እየተጠነቀቀች ፍላሿን ሰካች።

«ኧረ እትዬ ጥሩ! ይሄ ሁሉ ኢንተር ምንድን ነው?»

«ገጹ እንዲያልቅ ነዋ። መኪናው ላይ እንዲያ ነበር።»

«እዚህ እንዲያ አይደለም» አለች እየሳቀች። «አዲስ ገጽ ሲፈልጉ ኮንትሮሉን ይዘው ኢንተሩን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በቃ፣ ይዘላል።» የኔን ባዶ መስመር እየጠረገች አወጣችው። ከዚያ ከላይ ካለው መደዳ ኢንሰርት የሚለውን ነካች፤ ፔጅ ነምበር የሚለው ወጣ፤ ከግርጌ፣ መሐል ላይ የሚለውን መረጠች። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ገጹ ሁሉ ቁጥር ለብሷል። ያን ሁሉ ቀን የለፋሁበትን በአንድ ጊዜ! ሽፋኑ ላይም አንድ ብሎ ጉብ አለ።

«ሽፋን አይቆጠርም» አልኳት፤ የድሮው አለቃዬ ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«እናወጣዋለን።» የመጀመሪያው ገጽ ለብቻው ይሁን የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፤ ቁጥሩ ከሽፋኑ ጠፋ። ቀጣዩ ግን ሁለት ነው። እንደገና ገብታ መነሻውን ዜሮ አለችው፤ ቀጣዩ አንድ ሆነ። «አዩት? ሽፋኑ ዜሮ ነው፤ ግን አይታይም።»

«በግዕዝ ቁጥር አይሆንም? መሪጌታ እንዳይቀየሙኝ።»

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ የፈረንጁ ፊደል አለ፣ የሮማው አለ፣ የኛ የለም። «በእጅ ካልጻፍነው የለም። በእጅ ከሆነ ደግሞ ያው መንሸራተቱ ነው።»

«ተይው በቃ። አይንሸራተት ብቻ።» ላምናት ስላልቻልኩ ከፊት ለፊት አንድ መስመር ጨምሪ አልኳት። ጨመረች። ጽሑፉ ወረደ፣ ቁጥሩ ግን ቦታውን አልለቀቀም። እንባዬ መጣ፤ ሰብለ አየችኝ። «መሪጌታ ደኅና ናቸው?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደኅና ናቸው» አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ ወረቀቱ ገና ትኩስ እያለ በፌስታል ጠቅልላ ስትሰጠኝ እጄን ትንሽ ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

በባጃጅ ተመለስኩ። መሪጌታ እንደ ወትሯቸው ፀሐይዋ ላይ ተቀምጠዋል። ምን ብዬ እንደምሰጣቸው መንገዱን ሙሉ አስቤ ነበር፤ ደርሼ ስቆም ጠፋብኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ተቀበሉ። አገላበጡ። አውራ ጣታቸውን ግርጌው ላይ አሳረፉ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የገጽ ቁጥር ነው። ለአንባቢው ይቀለው ብዬ ነው።»

«ለአንባቢው አይዶለም» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አስቀምጠው ተነሡ፤ በትራቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። የከፋቸው መሰለኝ። ሲወጡ ማኅደሩን ይዘዋል። ከውስጡ የድሮውን ረቂቅ አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩት።

የወረቀቱ ዳር ላይ ክር ተሰፍቷል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። አወቅሁት። የነጠላዬ ጥለት ነው።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ሸማኔውን ስትረግሚው ሰማሁ፤ ኃጢአቱን ዝም ብዬ አሸከምኩት» አሉ፤ ፈገግ ሊሉ ሞክረው ነበር።

የመጀመሪያው ቅጠል ክር አንድ ቋጠሮ አለው፤ ቀጣዩ ሁለት፤ ቀጣዩ ሦስት። እኔ ገበያ በወጣሁበት፣ ቤተ ክርስቲያን በሄድኩበት ሰዓት ነው የሠሩት። እስከ መካከል ድረስ በደንብ ይመጣል። ከዚያ ሁለት ቅጠሎች እኩል ቋጠሮ ይዘው አገኘሁ። ከዚያ ቋጠሮ የሌለው ክር። ከዚያ ክር የለም፣ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ።

«እስከዚህ ደኅና ነበርኩ» አሉ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አድርገው፤ «ከዚህ ወዲያ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንችስ ምነው ተደበቅሽኝ?»

በተተረተረው ነጠላዬ ዓይኔን ጠረግሁ። መሪጌታ አጠገቤ ቀስ ብለው ተቀመጡና አዲሱን ጽሑፍ አንሥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«ድሮ ቃሉ ይመራኝ ነበር» አሉ። «እንግዲህ አንች ምሪኝ።»

ሽፋኑን ገለጥኩና ከገጽ አንድ ማንበብ ጀመርኩ።